ሲሮጡ የታጠቁት ሰዓት

ኮምፒውተር ሰዓት አያውቅም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር አንዱ ስልኩን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ «ይኸው፣ አራት ሰዓት ከሃያ ይላል!» ይለኛል። ማለቱንማ ማን ካደ? ጥያቄው ማን ነገረው ነው። ኔትወርኩ ነገረው ይባል ይሆናል። ከኔትወርኩ ጋር ከመነጋገሩ በፊትስ? ስክሪኑ ጠቁሮ የፋብሪካው አርማ ብቻ በሚታይባት በዚያች ቅጽበት ማሽኑ እንኳን ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊያውቅ፣ አንድ ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም እንኳ አያውቅም። የሆነ አካል ሊነግረው ግድ ነው። የሚነግረው በከርነሉ፣ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ የሚኖር፣ የታይመር ድራይቨር የተባለ አጭር ኮድ ነው። የእኔ እንጀራ ደግሞ ያ ኮድ የሚናገረው እውነት መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው።

ይህን እንጀራ ለዘመድ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አክስቴ አንድ የበዓል ቀን ቡና እየቆላች ያዘችኝ።

«ቆይ አንተ ልጅ፣ ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?»

«ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ አይቼ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ እትዬ።»

«አንተ አትጽፍም?»

«አልፎ አልፎ።»

«ስለ ምንድን ነው የምትጠይቀው?»

«ስለ ሰዓት።»

ቡናውን ማመሷን አቆመች። «ሰው ሰዓት ጠይቆ ደሞዝ ይበላል?»

ይበላል። እንዲያውም ደህና አድርጎ የጠየቀ እድገት ያገኛል።

የኮድ ግምገማ ስል ወንበር ከበው ተቀምጠው ሂስና ግለ ሂስ የሚለዋወጡበትን ዓይነት አይደለም። የእኛ በጽሑፍ ነው። አንዱ ያሻሻለውን ኮድ ይልካል፤ ሌላው መስመር በመስመር እያየ ከጎኑ አስተያየት ይጽፋል። ከአስተያየቶች ሁሉ አጭሩና የሚያናድደው «ለምን?» የሚለው ነው። «እዚህ ላይ ለምን 10 አልክ?» ትለዋለህ። «ሌላው ድራይቨር ላይ 10 ስለሚል» ይልሃል። አብዛኛው የታይመር ድራይቨር ከሌላ የታይመር ድራይቨር ተገልብጦ የተወለደ ነው፤ ያም ከሌላ። ስለዚህ ገምጋሚ ልጁን ለመዳር እንደተዘጋጀ አባት ሰባት ቤት መቁጠር ይኖርበታል። ቁጥሩ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጣራ አይዳርም።

ይህ ሁሉ ክርክር የሚደረግበት ኮድ ዕድሜው ግን ያስቃል። የታይመር ድራይቨር ማስጀመሪያ ማሽኑ ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለዓይን ጥቅሻ ለማይሞላ ጊዜ ይሠራል። ሊኑክስ የተባለው ከርነል እንዲህ ያለውን አንዴ ብቻ የሚያስፈልግ ኮድ ለብቻው አንድ ቦታ ሰብስቦ ያስቀምጠውና፣ መነሳቱን ሲጨርስ ቦታውን አስለቅቆ ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ይህንንም አይደብቅም፤ ይህን ያህል ኪሎባይት አስለቅቄአለሁ ብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ስንት ሳምንት የተጨቃጨቅንበት፣ ሰው የተኳረፈበት ኮድ ከዚያ ኪሎባይት ውስጥ ነው። ኮዱ ይጣል እንጂ ቃሉ ግን አይጣልም። «ይህ ታይመር በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ይመታል» ብሎ ከሄደ ከርነሉ፣ ከከርነሉ በላይ ያለው ፕሮግራም ሁሉ፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያንን አምኖ ይኖራል። ዞሮ የሚያጣራ እምብዛም የለም። የሚያጣራ ካለ አስቀድሞ ነው፤ እሱም ገምጋሚው ነው።

ድራይቨሩ ከመነሳቱ በፊት ያለው ዘመን ለብቻው ይገርማል። ሊኑክስ ሲነሳ የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ኤአርኤም የተባለው ፕሮሰሰር ባለባቸው ብዙ ቦርዶች ላይ የዚህን መዝገብ መጀመሪያ ያየ ሰው ግን እያንዳንዱ መስመር ፊት ያው 0.000000 ተደርድሮ ያገኛል። ፕሮሰሰሩን ለየ፤ 0.000000። ሜሞሪውን ቆጠረ፤ 0.000000። የኢንተረፕቱን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚጠራውን ደወል፣ ሰንጠረዥ ዘረጋ፤ አሁንም 0.000000። የሰው ኃይል ኃላፊ ቢያየው የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ብሎ ይሸልመው ነበር። ታይመሩ ተነስቶ ቆጣሪው ሲመዘገብ ነው ቁጥሩ መራመድ የሚጀምረው። ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራ ሁሉ ጊዜ ሳይወስድ እንደተሠራ ሆኖ ይቀራል።

ሰዓት በሌለበት መጠበቅም ጭንቅ ነው። የቺፑ መመሪያ «ይህን ሬጂስተር ከጻፉ በኋላ 10 ማይክሮ ሰከንድ ይጠብቁ» ይላል። በምን ይጠበቅ? የጥንቱ ዘዴ ፕሮሰሰሩን ባዶ ዙር ማዞር ነው፤ ዙር፣ ዙር፣ ዙር። ስንት ዙር ነው 10 ማይክሮ ሰከንድ? ያንን ለማወቅ በታይመር መለካት ያስፈልጋል። ከርነሉ የታይመሩ ምት እስኪለወጥ ይጠብቃል፤ ሲለወጥ መዞር ይጀምርና እስከሚቀጥለው ምት ስንት ዙር እንደዞረ ይይዛል። ታይመሩ ካልመታስ? ያኔማ ይጠብቃል። የመጠበቂያ ዙሩን እየለካሁ ነው የሚል መልእክት ያወጣና ሦስት ነጥብ ያስከትላል፤ ከነጥቦቹ በኋላ ምንም የለም። ስህተት አይልም፤ አይወድቅም፤ አይጮኽም። ምቱ የሚመጣ መስሎት ይጠብቃል። የዘመኑ ማሽኖች ብዙዎቹ የታይመሩን ፍጥነት በቀጥታ ወስደው ይህን ልኬት ይዘሉታል እንጂ፣ በዱሮው ጊዜ የከርነል ሰው እነዚያን ሦስት ነጥቦች ሲያይ ወዲያው የታይመር ድራይቨሩን ፋይል ይከፍት ነበር።

እንግዲህ ከግምገማው ግማሹ ቅደም ተከተል ማየት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ስለ ታይመር ድራይቨር የተነገረ ይመስለኛል። ደህና አስተጣጠቅ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ታይመሩን ዝም ማሰኘት። ገና አሁን በበራ ማሽን ላይ ማን አስነስቶት ዝም ይባላል? ከከርነሉ በፊት ቡትሎደር የሚባል ፕሮግራም ነበረ፤ ለራሱ ጉዳይ ታይመሩን ሲጠቀም ቆይቶ ሳያጠፋው ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ከቀድሞው ተንጠልጥሎ የቀረ የኢንተረፕት ምልክት ካለ ማጽዳት። ሦስተኛ፣ ድራይቨሩ የሚሠራበትን መረጃ በየቦታው መሙላት። አራተኛ፣ ኢንተረፕት ሲመጣ የሚቀበለውን ተግባር ማስመዝገብ። ኢንተረፕቱን መክፈት ከሁሉ በኋላ።

ደጋግሞ የሚታየው ጥፋት አራተኛውን ከሦስተኛው ማስቀደም ነው። ተቀባዩ ይመዘገባል፤ የሚሠራበት መረጃ ግን ገና አልተሞላም። በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይህ ኮድ አንድ ጊዜም አይወድቅም፤ በዚያች ቀዳዳ ውስጥ የሚደውል የለምና። ጸሐፊውም «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል፤ ከሙያው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ይህ ነው። ከዚያ ቡትሎደሩ ታይመሩን ሳያጠፋ የሚወጣበት ሌላ ማሽን ላይ ይጫናል። ኢንተረፕቱ በቀዳዳዋ ሾልኮ ይገባል፣ ተቀባዩ ባዶ አድራሻ ላይ እጁን ይሰዳል፣ ማሽኑ ይዘረጋል። አደጋው የደረሰበት ሰዓት? 0.000000።

ኢንተረፕት መጥቶ «የእኔ ነው» የሚለው ተቀባይ ሲያጣ ደግሞ የሊኑክስ ትዕግሥት ይለያል። በአንድ መስመር ላይ የመጡትን ይቆጥራል። ከ100,000 ጥሪ ውስጥ ከ99,900 በላዩ ባለቤት ካጣ ብቻ «ማንም ግድ አልሰጠውም» ብሎ መዝገቡ ላይ ይጽፍና መስመሩን ይዘጋዋል። መቶ ሺህ ጊዜ በር ተንኳኩቶበት የመጨረሻ ደብዳቤውን በዚህ ጨዋነት የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ብዙ የለም።

ቅደም ተከተሉ የተጠበቀበትን ኮድ ማየት የፈለገ የሊኑክስን የመጀመሪያ ቅጂ ይክፈት። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ያወጣው 0.01 ነው። የታይመር ማስጀመሪያው አምስት መስመር ናት። የመጀመሪያዋ ለቺፑ አሠራሩን ትነግራለች። ሁለተኛዋ 155 የሚለውን ቁጥር ትልካለች፤ ሦስተኛዋ 46ን። ቺፑ በአንድ ጉርሻ ከ8 ቢት በላይ ስለማይቀበል ነው አንድ ቁጥር ለሁለት የተገመሰው፤ 46ን በ256 አባዝተው 155 ሲጨምሩበት 11,931 ይሆናል። ቺፑ በየ11,931 ምቱ አንድ ጊዜ ይደውላል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ገደማ ማለት ነው። አራተኛዋ መስመር ደወሉን የሚቀበለውን ተግባር ታስመዘግባለች፤ አምስተኛዋ ደወሉን ትከፍታለች። መጀመሪያ ተቀባይ፣ ከዚያ ደወል። የ21 ዓመት ልጅ ቆሞ ታጥቋል።

ገምጋሚ ግን አመሉ አይለቀውም። 11,931 የተገኘው ኮዱ ላይ የቺፑ የሰከንድ ምት ተብሎ የተጻፈውን 1,193,180 ለ100 በማካፈል ነው፤ መልሱ 11,931.8 ነበር፤ የሙሉ ቁጥር ማካፈል ሽርፍራፊውን ስለማያውቅ .8ቷ ተጣለች። ምቱን የሚሰጠው ክሪስታል እንከን የለበትም ብንል፣ ሰዓቱ በዚህ የተነሳ በቀን 6 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ወደ 11,932 ተጠጋግቶ ቢሆን ኖሮ በቀን ከአንድ ሰከንድ ጥቂት ቢያልፍ ነው የሚዘገየው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የደረሰ አስተያየት ነውና ጸሐፊው ቢያልፈኝ አልቀየምም። በነገራችን ላይ ቶርቫልድስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1969 ሲሆን፣ ዩኒክስና ሊኑክስ ጊዜን መቁጠር የሚጀምሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ነው። ሰውየው ከኮምፒውተሩ ዘመን በአራት ቀን ይበልጣል፤ ልደቱ በራሱ ማሽን ላይ የሚጻፈው በኔጌቲቭ ቁጥር ነው።

አሁን ሰባት ቤት ቆጠራው ይምጣ። ቺፑ በሰከንድ 1,193,182 ጊዜ ገደማ ይመታል። ለምን? እንዲህ ያለ ያልተስተካከለ ቁጥር ጤነኛ ሰው መርጦ አያመጣም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ውስጡ የተከለው ክሪስታል በሰከንድ 14.31818 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነበር፤ ለ12 ሲያካፍሉት የታይመሩ ቁጥር ይወጣል፣ ለ3 ሲያካፍሉት የፕሮሰሰሩ 4.77 ሚሊዮን። 14.31818 ከየት መጣ? ከአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን። እ.ኤ.አ. በ1953 በጸደቀው ደረጃ ቀለሙን የሚሸከመው ሞገድ 3.579545 ሚሊዮን ነው፤ አራት እጥፉ ያ ክሪስታል ነው። አንድ ክሪስታል ስክሪኑንም ፕሮሰሰሩንም ታይመሩንም ካስተዳደረ ወጪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የኮምፒውተሩ ሰከንድ በቴሌቪዥን ቀለም ተለካ። የአሜሪካ ትልልቅ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አናሎግ ስርጭታቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 ዘግተው ወጥተዋል። 1,193,182 ግን እስከ ዛሬ በሊኑክስ ኮድ ውስጥ ተቀምጦ ይጦራል።

በኤአርኤም ቦርድ ላይ ደግሞ ይህን ቁጥር ቦርዱን የሠራው ሰው ነው የሚነግረን። አንዱ ቦርድ 24 ሚሊዮን ይመታል፣ ሌላው 19.2 ሚሊዮን። ከአንዱ ቦርድ የተገለበጠ ፋይል 24 ብሎ፣ እውነተኛው ክሪስታል 19.2 ቢሆን ምን ይፈጠራል? ምንም። ማሽኑ ደህና ይነሳል። ችግሩም እሱ ነው። 24 ሚሊዮን ምት እስኪሞላ አንድ ሰከንድ አላለፈም ብሎ ስለሚያምን የሱ ሰከንድ ከእኛ ሰከንድ በሩብ ይረዝማል። ራሱን በራሱ ቢለካ ልክ ነው፤ መለኪያውም ያው ሰዓት ነዋ። የተበላሸ ነገር የለም፤ ተስማምተው የተሳሳቱ እንጂ።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ቦርድ ይዞ ሲመጣ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ የእጅ ሰዓት አለህ? የለውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ዋጋው መኪና የሚገዛ መሣሪያ ተደርድሯል፣ የእጅ ሰዓት ያሰረ ግን አንድም የለም፤ ሁሉም ስልኩን ካዝና ውስጥ ቆልፎ ነው የሚገባው። በር ላይ ወዳሉት ጥበቃ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎን ለአንዳፍታ ያውሱኝ?»

ካሲዮአቸውን እየፈቱ «ለምንህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩን ልፈትሽበት።»

«ኮምፒውተሩ ሰዓት የለውም?»

«አለው፤ ግን የነገሩትን ነው የሚያምነው።»

«ታዲያ እንደ ሁላችንም ነዋ» አሉ።

ቦርዱን 60 ሰከንድ ቆይተህ ጩህ አልነው። ካሲዮው 60 አለ፤ ቦርዱ ዝም። 70 አለ፤ ዝም። 75 ላይ ጮኸ፤ በስክሪኑም ላይ በኩራት 60.000 ብሎ ጻፈ። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ 24ን በ19.2 ተካ። የማጽደቂያ ፊርማዬን ያገኘው በጋሼ ሰዓት ነው።

ሌላው መሳቂያ የነጥብ አሰጣጡ ነው። አንድ ማሽን ላይ ብዙ ዓይነት ቆጣሪ ሲኖር ሊኑክስ ምርጡን የሚለየው የየድራይቨሩ ጸሐፊ ለራሱ ቆጣሪ በሰጠው ነጥብ ነው። ከ100 በታች ለቁም ነገር አይሆንም፤ ከ100 በላይ ከቸገረ ያገለግላል፤ ከ200 በላይ ጥሩ፤ ከ300 በላይ ተፈላጊ፤ ከ400 በላይ ፍጹም። ያ የፒሲው አሮጌ ቺፕ 110 አለው። የኤአርኤሙ ታይመር 400። አዲስ ድራይቨር ሲመጣ ነጥቡ ከ300 በታች ሆኖ አይቼ እገረማለሁ፤ ማን የራሱን ልጅ ከቸገረ ያገለግላል ይላል? በትክክል ግለ ሂስ ያደረገ አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ጂፊስ የሚባለው፣ ሌላ ምንም በማይኖርበት ጊዜ የሚሠራው። ለራሱ የሰጠው 1 ነው።

የገምጋሚ የመጨረሻው ጥያቄ «ስንት ቢት ነው?» የሚል ነው። በሰከንድ 24 ሚሊዮን የሚመታ የ32 ቢት ቆጣሪ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ነውር አይደለም፤ ድራይቨሩ 32 ነኝ ብሎ እስከተናገረ ድረስ ከርነሉ መመለሱን ያውቃል። 64 ነኝ ብሎ ከዋሸ ነው ጉዱ። አንዳንዱ ቆጣሪ የሚሞላው ደግሞ ከወራት በኋላ ስለሆነ በሙከራ ላይ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ቦይንግ 787 ያለማቋረጥ 248 ቀን መብራት ከበራበት በጀነሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለ የሶፍትዌር ቆጣሪ ሞልቶ ኃይል ሊያቋርጥ ይችላል ብሎ፣ ሶፍትዌሩ እስኪታረም ከዚያ በፊት እየጠፋ እንዲበራ አዘዘ። የእኛም አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው አውሮፕላን ነው። የአንድ መቶኛ ሰከንድን ከ32 ቢት አንዱን ለምልክት አስቀርቶ የሚቆጥር ሰው የሚሞላበት 248 ቀን ተኩል ላይ ነው፤ ሌላው ለናንተ ስሌት ይቀመጥ።

ሊኑክስ ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ተንኮል ያለበት ነው። የምት ቆጣሪውን ከዜሮ አያስጀምረውም። 32 ቢቱ ሊሞላ ልክ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ካለው ቁጥር ላይ ያስነሳዋል። ስለዚህ መሙላትን የረሳ ድራይቨር ከዓመት በኋላ ደንበኛ ቤት ሳይሆን በአምስተኛው ደቂቃ፣ ጸሐፊው ቡናውን ሳይጨርስ፣ እዚያው ፊቱ ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ያልተፈተነ አንድ ቆጣሪ ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው። በ32 ቢት የያዘው ማሽን ሁሉ የሚሞላበት ቀን የታወቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038፣ በግሪንዊች 3:14:07። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። አዎ፣ ጥምቀት! ሕዝቡ ጃንሜዳ ባሕረ ጥምቀቱን ከቦ በቆመበት ሰዓት በየአጥሩ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ካሜራ፣ በየሊፍቱ ውስጥ ያለው ያልታደሰ ሳጥን በአንድ ሰከንድ ወደ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ምሽት ይመለሳል። ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ የዓድዋ ድል ስድስተኛ ዓመቱን አልደፈነም። ካሜራው አዲስ አበባ ገና መኪና ሳታይ በር ላይ የቆመ ሚኒባስ ፎቶ ያነሳና ቀኑን ከሥሩ ያትምበታል።

ሊኑክስ ከ5.6 ቅጂ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ በ32 ቢት ማሽንም ላይ ሰከንዱን በ64 ቢት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ ምክንያት የለም። ዛሬ አዲስ ኮድ ልኮ «ስንት ቢት ነው?» ሲባል «32 ይበቃል» የሚል ጸሐፊ ካጋጠመኝ አልከራከርም። ስሙን ጽፌ አስቀምጣለሁ። የ2030 ጥምቀት ተረኛ እሱ ነው።